የሰንበት ወንፈል

ከጎንደር ከተመለስኩ ወዲህ በመምህራን ክፍል ያገኘኝ ሁሉ ግንቡ እንዴት ነው ይለኛል። ግንቡ ደህና ነው፤ እዚያው ቆሟል። እኔ በአጠገቡ ሳልፍ ቀና ብዬ እንዳየው ትከሻዬ አልፈቀደልኝም። ጎንደር ተወልጄ ያደግኩባት ከተማ ናት፤ ናዝሬት ደግሞ የሰውነት ማጠንከሪያ እያስተማርኩ እንጀራዬን የምበላባት። የሄድኩት ለሽርሽር ሳይሆን አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ልሮጥ ነው። ለምን እንደሮጥኩ ለእያንዳንዳችሁ ከምደጋግም አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ ይርጋ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ ካላዛር የሚሉትን በሽታ ይዞ ተመለሰ። በሽታው ያተኩሳል፣ ሆድ ያሳብጣል፣ ሰውን አመንምኖ አጥንቱን ያስቀራል። ጎንደር ሆስፒታል ተኝቶ በየቀኑ መርፌ ሲወጋ ሰንብቶ ዳነ ተባለ፤ እኛም እልል አልን። ወራት ሳይቆይ በሽታው ተመልሶ ያዘው። እዚያው ያሉ ዶክተር ሰሎሞን የሚባሉ ሐኪም መድኃኒቱ አንዱን ሰው አድኖ ሌላው ላይ በሽታው ለምን እንደሚመለስ እያጠኑ ነበር። ለጥናቱ ግን የራሳቸው ማይክሮስኮፕ የላቸውም፤ ባለው ከሌሎች ጋር በተራ ነው የሚያዩት። ከተማው ከሕዝቡ መዋጮ የሚሰበሰብበት ማራቶን ያዘጋጀው ለዚያ ማይክሮስኮፕ መግዣ ነው። እኔም የሰማሁት አባቴ በስልክ ሲነግረኝ ነው፤ ግን እግረ መንገዱን ሌላ ነገር ጨመረ። ይርጋ ሁለተኛውን ዙር መርፌ አልወጋም ብሏል፣ ቤቴ ውሰዱኝና ልሙት ይላል አለኝ። በዚያው ቀን ከርእሰ መምህሩ ፈቃድ ጠየቅኩ።

የጉዞ ፈቃድ ደግሞ ከቀበሌ ማውጣት አለብኝ። ጸሐፊው የምትሄጂው ለምን ጉዳይ ነው አለኝ። ለመሮጥ አልኩት። ከማን ነው የምትሮጪው ብሎ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እስካስረዳው ድረስ ግማሽ ቀን ሄደ።

ረቡዕ

ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ሳይነጋ ተነሳን። አጠገቤ የተቀመጡት ፍቼ ላይ የተሳፈሩ እትዬ በላይነሽ የሚባሉ እናት ናቸው። ደብረ ማርቆስ ላለች አራስ ልጃቸው ቅቤ ይዘዋል፤ ከበላያችን ካለው የዕቃ መደርደሪያ ላይ፣ ልክ ከቦርሳዬ ጎን አስቀመጡት። ዓባይ በረሃ እስክንገባ ድረስ ስለ ልጃቸው ምጥ እየነገሩኝ በደስታ ሄድን።

የዓባይን በረሃ ሙቀት ናዝሬት ላይ ሆኜ ልነግራችሁ አይገባም ነበር፤ እናንተ ሙቀት ታውቃላችሁ። ግን የእኛ ሙቀት ሜዳ ላይ ነው፣ ጋሪ ጠርቶ ጥላ ሥር መግባት ይቻላል። እዚያ አውቶቡሱ እያቃሰተ ሲወርድ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይበስላል። መጀመሪያ አንገቴ ላይ የወረደው ላብ መሰለኝ። ቅቤው ነው። ቀና ስል ቦርሳዬ ቅቤ ጠጥቶ ሰክሯል፤ ውስጡ ያለችው አዲሷ ሸራ ጫማዬ፣ ለሩጫው ብዬ የገዛኋት፣ ተቀብታ ተለውሳ ወጥ ሆናለች።

ልቆጣ አፌን ስከፍት እትዬ በላይነሽ ማልቀስ ጀመሩ። «ልጄ ምን ልትበላ ነው?» እያሉ። ኧረ ምን ልበል! ጫማዬን ትቼ እሳቸውን ሳባብል ድልድዩን ተሻገርን። ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ሆቴል አድራለሁ ብላቸው በጄ አላሉም፤ ክንዴን ይዘው አራሷ ቤት ወሰዱኝ። ዕለቱ ረቡዕ ስለሆነ ሽሮ በዘይት ቀረበልኝ፤ በሞቴ እያሉ ሁለት ሰው የሚበላውን አበሉኝ። ጫማዬን በአመድና በሳሙና ሁለት ጊዜ አጥበው እሳት ዳር ሰቀሉልኝ። ሽታው ግን ወይ ፍንክች።

ሐሙስ

ከደብረ ማርቆስ ወዲያ ኬላ በዛ። በየኬላው እንወርዳለን፣ እንፈተሻለን፣ ወረቀታችን ይታያል፣ እንሳፈራለን። አንዱ ወታደር ቦርሳዬን ከፍቶ አሸተተና ነጋዴ ነሽ አለኝ። መምህር ነኝ አልኩት። ጫማዬን አውጥቶ ለጓደኛው አሳየውና እየሳቁ መለሱልኝ። ባሕር ዳር ላይ ዓሣ በላን፤ ቆቃ ሐይቅ ዳር ከምንበላው ይጣፍጣል ብል ትጣሉኛላችሁና እተወዋለሁ።

ጎንደር የገባነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። የናዝሬት ሰው የማያውቀው ብርድ አለ፤ ነፋስ ሳይኖር ከመሬት የሚነሳ። አባቴ አውቶ ፓርኮ ሰፈር ባለችው አሮጌ ቤታችን ጋቢውን ደርቦ በር ላይ ይጠብቀኛል። ሳመኝ፣ ውሃ አሞቀልኝ፣ አልጋውን ለቀቀልኝ። ስለ ይርጋ ሳነሳበት ግን ፊቱ ጠቆረ። በመርፌ ሲበሳሱት ከሚሞት እናቱ በሞተችበት አልጋ ይሙት፣ እኔ ሰኞ አመጣዋለሁ አለኝ። ብቻዬን እንደሆንኩ ያን ጊዜ ገባኝ።

ዓርብ

ሆስፒታል ስገባ ይርጋን አልፌው ሄድኩ። ከኋላዬ «እታለም» ባይለኝ ኖሮ ወንድሜ መሆኑን አላውቅም ነበር። ያ ሰፊ ትከሻ የት ገባ? ሆዱ ብቻ ተነፍቶ ቀርቷል። እንዳላለቅስ ተቆጣሁ፤ ተቆጥቼ ስናገር እንባዬ አይመጣም። ምነው ታዲያ መርፌውን እምቢ አልክ ብዬ ጮህኩበት፤ በሽተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

እሱ አልተቆጣም። በመጀመሪያው ዙር የተወጋውን ሁሉ አንድ በአንድ ያስታውሰዋል፤ ዳንኩ ብሎ ወጥቶ መመለሱ ከመርፌው ይልቅ አጥንቱ ገብቷል። ደክሞኛል አለኝ። ከዚያ ስለ ማራቶኑ ጠየቀኝ፤ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ስነግረው ሳቀ።

«አንቺ እኮ ፊሽካ ትነፊያለሽ እንጂ ስትሮጪ ያየሽ የለም።»

«እጨርሰዋለሁ።»

«ከጨረስሽው እኔም መርፌውን እጨርሳለሁ። ካልጨረስሽው ግን ሰኞ ልብሴን ይዘሽ መጥተሽ ወደ ቤት ትወስጂኛለሽ፤ ከዚያ ወዲያ ጭቅጭቅ የለም።»

እጅ ለእጅ ተማታን። ይህን ያለው እንደማልጨርስ እርግጠኛ ስለነበር ነው፤ አውቄበታለሁ። ስወጣ ዶክተር ሰሎሞን ኮሪደሩ ላይ አገኙኝና እውነቱን ነገሩኝ። ሁለተኛው ዙር ያድነዋል ብለው መማል አይችሉም። ቤቱ ከገባ ግን መሞቱ አይቀርም፤ ጥናቱም በሽታው የተመለሰበትን አንድ ሰው ያጣል። በጊዜ ቢመጡ የሚድኑት ሌሎች በሽተኞች ደግሞ በየመንደሩ ተደብቀው ነው ያሉት፣ አይመጡልኝም አሉ። ሆስፒታል የገባ አይወጣም ይባላል በየአገሩ። የሮጥኩት ለይርጋ ነው፤ ስለ ማይክሮስኮፑ ያን ቀን ብዙም አላሰብኩም።

ቅዳሜ

ሩጫው የሚነሳው ከጎንደር ወደ ሰሜን ከአምባ ጊዮርጊስ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። በላንድሮቨር እየተመላለሱ ወሰዱን። ከዚያ በላይ በደባርቅ አልፎ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ የሚወርደው መንገድ በወታደር በታጀበ ኮንቮይ ካልሆነ አይኬድም፤ እኛ በምንሮጥበትም ቢሆን ወደ ማታ መንገዱ ይዘጋል። ሯጮቹ ከፖሊስ የስፖርት ቡድን የመጡ ወጣቶችና የሕክምና ተማሪዎች ናቸው። ሴት እኔና አንዲት ተማሪ ብቻ ነን። በየገበሬው ቤት አከፋፈሉን፤ እኔ አያ ተበጀ የሚባሉ ሽማግሌ ቤት ደረሰኝ።

ባለቤታቸው እትዬ የሺ እንደ ደንቡ እግሬን ሊያጥቡኝ በእንጨት ገበታ ውሃ ይዘው ጎንበስ አሉና ጫማዬን ሲያወልቁ ቆም አሉ። «ምነው ልጄ፣ የናዝሬት ሰው እግሩን ቅቤ ይቀባል?» አሉኝ። የዓባይን ታሪክ ስነግራቸው እስኪያለቅሱ ሳቁ። ዶሮ አርደው ጠበቁኝ። በማግስቱ ስለምሮጥ ብዙ አልበላም ብል ሰሚ የለም፤ ባዶ ሆድ ምን ይሮጣል ብለው በየጉርሻው አንድ ቅዱስ እየጠሩ አጎረሱኝ። ቤቱን ለሁለት ከሚከፍለው ግርዶሽ ኋላ ሰው ያስላል። ማነው አልኩ። ብርድ የያዘው ልጅ ነው አሉና ወጥ ጨመሩልኝ።

ከእራት በፊት፣ ፀሐይ ገና ሳትገባ፣ ከአያ ተበጀ ጋር ደጅ ተቀምጠን ለማራቶኑ ምን ቃል እንደገቡ ጠየቅኳቸው። በግድ የሚሰበሰብ መዋጮ ሕዝቡን አስመርሮታልና ዶክተሩ ሰው በፈቃዱ ብቻ ይስጥ ብለው ነበር። አያ ተበጀ ኮራ ብለው አንድ ሙክት ተስያለሁ አሉኝ። ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ኮሶዬ ያለው አገር ሁሉ ተስሏል፤ ጃንጥላ የተሳለ አለ፣ ማር የተሳለ አለ፣ ጊደር የተሳለም አለ። ደስ አለኝ። ታዲያ መቼ ታመጡታላችሁ አልኩ።

«መድኃኒቱ የተገኘ ዕለት ነዋ» አሉኝ።

ለካስ ከሆስፒታል የተላኩት ወጣቶች ለሕዝቡ ሲያስረዱ ነገሩ እንደ ስለት ነው ብለዋል። የአገሬው ሰው ደግሞ ስለትን ጠንቅቆ ያውቃል። ስለት ከሰመረ በኋላ ነው የሚገባው፤ ሳይሰምር የሚገባ ስለት የት አገር አለ? ማንም አላጭበረበረም፤ ሁሉም በእምነቱ ቃሉን ሊጠብቅ ተቀምጧል። ማይክሮስኮፑ የሚገዛው መድኃኒቱ ከተገኘ በኋላ ሊሆን ነው። ራሴን ይዤ ቀረሁ።

እንዲህ ብዬ ሞከርኩ። ዶክተሩ ታቦት አይደሉም። በሬ እንደሌለው ገበሬ ናቸው፤ አዝመራህ ሲደርስ እንሰጥሃለን ብትሉት በምን አርሶ ነው የሚያደርሰው? አያ ተበጀ ዞረው ወደ ቤቱ አዩ። ከውስጥ፣ ከግርዶሹ ኋላ፣ ያ ሳል ይሰማል። ከዚያ ዘንጋቸውን ይዘው ተነሱ።

«ምነው ታዲያ ወንፈል ነው አላላችሁንም? በሬ ለሌለው ሰው ወንፈል ነው የሚወጣለት።»

ወንፈልን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ዛሬ ሁላችንም ያንተን እናጭዳለን፣ ነገ አንተ የእኛን ታጭዳለህ፤ ጉልበት በጉልበት ነው የሚመለስ። እትዬ የሺ ከውስጥ ሆነው ነገ ሰንበት ነው፣ ሰንበት ወንፈል አይወጣም አሉ። ሽማግሌው መልስ ሳይሰጡ ከቤቱ በላይ ወዳለው ጉብታ ወጡና እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ማዶ ተጣሩ። ከማዶ መለሱላቸው፤ የማዶው ደግሞ ወደ ቀጣዩ ሸንተረር ሲጣራ ሰማሁ። በመሀል ወንፈል የሚለው ቃል ብቻ ነው የተለየልኝ። ቃሉ ተስተካከለ፣ ነገ በየመንገዱ ያላቸውን ይዘው ይጠብቁኛል ብዬ ተመስገን ብዬ ተኛሁ።

እሑድ

ፊሽካው ሲነፋ የፖሊስ ልጆች እንደ ነፋስ ሄዱ፣ ተማሪዎቹም ተከተሉ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ፤ ብቻዬን እንኳ አይደለሁም፣ የአምባ ጊዮርጊስ ውሾች ቅቤውን አሽትተው አጅበውኛል። መሬቱ በውርጭ ነጭ ሆኗል። ናዝሬት ሜዳው ላይ ዓመት ሙሉ የለመድኩት ሳንባ እዚያ ከፍታ ላይ የሌላ ሰው ሆነብኝ። ቢሆንም ይርጋ መርፌውን እጨርሳለሁ ብሏል፤ እርምጃዬን እየቆጠርኩ ሳይሆን እሱን እየሰደብኩ ሮጥኩ።

ላንድሮቨሩ ያችን ተማሪ ወድቃ አንስቷት አጠገቤ አለፈ። ኮሶዬ ስደርስ ባቴ ተኮማተረና ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ያንን ገደል ለማየት ከባሕር ማዶ ይመጣል ይባላል፤ እኔ ባቴን ሳሽ ነበር። ከኋላዬ የሰው ኮቴ ሰማሁ። ዞር ስል አያ ተበጀ ከፊት፣ ከኋላቸው አራት ጎልማሶች ቃሬዛ ተሸክመው ሱክ ሱክ እያሉ ይመጣሉ። ቃሬዛው ላይ በጋቢ የተጠቀለለ ወጣት አለ። ሆዱን አይቼ በሽታውን አወቅኩት፤ ይርጋን ነው የሚመስለው። ትናንት ከግርዶሽ ኋላ ሲያስል የነበረው ልጃቸው ሞላ ነው። እሱም ከሁመራ የተመለሰ ነው፤ ደብቀውት ኖረዋል።

ሽማግሌው አስረዱኝ። ሰንበት ስለሆነ የእጅ ሥራ አይሠራም፤ በሽተኛ መሸከም ግን ሥራ ሳይሆን ጽድቅ ነው። እና ትናንት የተጣሩት ወንፈሉ በሽተኛ ማድረስ ነው ብለው ነው። በየመንደሩ ከመንገድ ዳር ጎልማሶች ቆመው ይጠብቃሉ፤ ቃሬዛው ሲደርስ መሬት ሳይነካ ከትከሻ ወደ ትከሻ ይተላለፋል። ከጎን መንገድ ሌላ ቃሬዛ መጣ፣ ከዚያ ሌላ። ዶክተር ሰሎሞን አይመጡልኝም ያሏቸው በሽተኞች ናቸው። እንደተቀመጥኩ ጥያቄ ሳበዛ አያ ተበጀ ኋላ እናወራለን ብለው አስነሱኝ።

የሩጫው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። አገሬው ሩጫዬን ከወንፈሉ ቆጥሮታል። አንዱ በረባሶ ያደረገ ጎልማሳ ተጠጋኝና አንቺ አረፍ በይ፣ ይችን እስከ ቁልቁለቱ እኔ እሮጥልሻለሁ አለኝ። ማራቶን ሌላ ሰው አይሮጥልህም፣ አንድ ሰው ነው የሚጨርሰው አልኩት። አሳዘንኩት መሰለኝ። «ሥራው ከተሠራ ማንም ይሥራው፣ ምን ቸገረ?» አለና ጎን ለጎኔ ሮጠ። እሱ ሲመለስ የሚቀጥለው መንደር ሌላ ሰው ሰጠኝ። እንዲህ እየተቀባበሉ፣ ሸጋ ነሽ፣ በርቺ እያሉ፣ ውሃ እያጠጡ ወለቃ አደረሱኝ። ባይኖሩ ኖሮ ከኮሶዬ አላልፍም ነበር፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

ወለቃ ቤተ እስራኤሎች የሸክላ ዕቃ የሚሠሩባት መንደር ናት፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ዳገት ወጥቶ ከተማው ነው። ሴቶቹ በአዲስ ገንቦ ውሃ ይዘው ወጡ፤ አንጥረኞቹ መዶሻቸውን አስቀምጠው ለደከሙት ትከሻ ሰጡ። የሞላን ቃሬዛ ከያዙት አንዱ ግን እግሩ ወለም ብሎት ቁጭ አለ። የቀረ ሰው የለም፤ ሁሉም ተሸክሟል። አያ ተበጀ ሸምግለዋል፣ ቁመታቸውም ከሌሎቹ ያንሳል። ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ከኮሶዬ ጀምሮ ስንሮጥልሽ መጥተናል። ተራው ያንቺ ነው።»

ባንዲራ የያዘው የመንገድ ዳኛ ሰምቷል። ጓድ፣ ሸክም ከያዝሽ ከውድድሩ ትሰረዣለሽ፣ የቀረሽ እኮ ትንሽ ነው አለኝ። እውነቱን ነው። ዳገቱን አየሁት፤ እየተንፏቀቅኩም ቢሆን እወጣዋለሁ። ከወጣሁት ይርጋ መርፌውን ይወጋል። ካልወጣሁት ነገ ልብሱን ይዤ እሄዳለሁ፣ ቃል ቃል ነው። ሞላ ከቃሬዛው ላይ ዓይኑን ገልጦ ያየኛል። ተናደድኩ፤ በአያ ተበጀ፣ በዳኛው፣ በወንድሜ፣ ይህን ውል በገባው በራሴ አፍ። የራሴን ወንድም ለማዳን የሌላዋን እናት ልጅ መንገድ ላይ ማስቀመጥ ግን አልሆነልኝም። ቁጥሬን ከደረቴ ገንጥዬ ለዳኛው ሰጠሁትና የቃሬዛውን የኋላ ግራ ጫፍ ትከሻዬ ላይ አደረግኩ። ዳገቱን ሙሉ አለቀስኩ፤ ማንም ምነው አላለኝም።

ሩጫው የሚያልቅበት ጃንተከል አደባባይ ስንደርስ ሕዝቡ ተሰብስቧል፣ ባንዲራና መፈክር ተሰቅሏል፣ ሪቫን ተወጥሯል። ማይክሮፎን የያዙት ጓድ ቃሬዛዎቹን እዚህ አስቀምጡና ንግግር ይደረግ አሉ። አያ ተበጀ ሳይቆሙ እኛ አገር መንገድ ላይ መሬት የሚነካ ቃሬዛ የሬሳ ነው አሏቸው። ጓዱ ሪቫኑን ራሳቸው አነሱልን። በግንቡ አጥር ጥግ አለፍን፤ ያኔ ነው ቀና ማለት ያልቻልኩት። ሕዝቡ ከንግግሩ ይልቅ እኛን ተከተለ። ሆስፒታሉ በር ላይ አንዲት ባልቴት ነጠላዋን አወለቀችና መሬት ላይ ዘረጋች፣ ከጎኗ ሌላዋ ዘረጋች። ሰው ያለውን ይጥል ጀመር። ማይክሮስኮፑ የተገዛው ከነዚያ ነጠላዎች ነው።

ሰኞ

ጠዋት ከአባቴ ቤት የይርጋን ሱሪ፣ ሸሚዝና ካፖርት በቦርሳ ይዤ ወጣሁ። አባቴ አብሮኝ መጥቶ በሩ ላይ ታክሲ አስቁሞ ጠበቀ። አልጋ ስለሞላ ሞላን ከይርጋ አልጋ ጎን ፍራሽ ላይ አስተኝተውታል። አያ ተበጀ ራስጌው ቆመዋል፤ ተራራ ላይ እንደዚያ የሚያዙ ሰው እጃቸውን የሚያደርጉበት አጥተዋል።

«አልጨረስሽም አሉኝ» አለኝ ይርጋ።

«አልጨረስኩም።»

ምንም ምክንያት አልጨመርኩም፤ ሰምቶታልና። ቦርሳውን እግሩ ሥር አስቀመጥኩ። እንድለምነው የጠበቀ ይመስለኛል። አልለመንኩትም፤ እጅ ተማትተን ነበር። ሸሚዙን በቀስታ ለበሰ፣ የካፖርቱን አንድ እጅጌ አጠለቀ።

ነርሷ መርፌ ይዛ ወደ ሞላ መጣች። ሞላ መርፌውን ሲያይ ወደ ግድግዳው ዞረና «አባቴ፣ ቤቴ መልሰኝ፣ ቤቴ ልሙት» አለ። አያ ተበጀ ልጃቸውን አዩ፣ ነርሷን አዩ፣ እኔን አዩ። አገር የሚሰማው ድምፃቸው አልወጣ አለ። ነርሷ መርፌውን እንደያዘች ቆመች።

ይርጋ እጁን ከእጅጌው አወጣ። ከአልጋው ላይ ወርዶ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና የሞላን ትከሻ ያዘ።

«ያማል፤ አልዋሽህም። እኔ ልቅደም፣ አንተ እያየህ ትከተለኛለህ።»

ለነርሷም እንድትወጋው ጀርባውን ሰጣት። ሞላ ቀስ ብሎ ከግድግዳው ዞረ። እኔ ካፖርቱን አጣጥፌ ትራሱ ሥር አስቀመጥኩና ወጣሁ፤ እዚያ ብቆይ ጮክ ብዬ ማልቀሴ ነው። በሩ ላይ አባቴ የታክሲውን በር ከፍቶ ቆሟል። ብቻዬን መውጣቴን ሲያይ «የት አለ?» አለኝ።

«እየተወጋ ነው» አልኩት።